የአቢሲኒያ ድመት ባሕር ዳር ገብታለች፤ እንዴት ልያዛት?

ወለላ
መጋቢት 8፣ ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔና እናቴ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር በእግር ዐሥር ደቂቃ በማይሞላ ቦታ ነው። ከአንድ ወር በፊት እኅቴ ከሆላንድ ጠቅልላ ስትመለስ አንዲት ድመት ይዛ መጣች። የሁለት ዓመት ሴት ናት። ዝርያዋ አቢሲኒያን ይባላል፤ የዘር ሐረጓን የሚያሳይ ወረቀት፣ የክትባት ደብተርና ከቆዳዋ ሥር የተቀበረ የመለያ ቺፕ አላት። ስሟ ቀረፋ ነው፤ ጸጉሯም በእርግጥ የቀረፋ መልክ አለው። እኅቴ አዲስ አበባ ሥራ አግኝታ ስለሄደች ቀረፋ የእኔ ሆነች።

ድመት በሌለበት ቤት አላደግሁም። ነገር ግን ይህችኛዋ ከማውቃቸው ድመቶች ሁሉ የተለየች ናት። መሬት ላይ አትቀመጥም። ከቁም ሣጥን ወደ መጋረጃ ዘንግ፣ ከዚያ ወደ በር አናት ትዘላለች። ቡና ሲፈላ ረከቦቱ ላይ ወጥታ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ በመዳፏ እየገፋች ትጥላለች፤ እስካሁን አምስት ሰብራለች። ከሥራ ስመለስ በሩ ሥር ተቀምጣ ስትጠብቀኝ አገኛታለሁ፤ ከዚያ በኋላ እስክተኛ ድረስ ከእግሬ አትለይም።

የምግቡ ነገር ደግሞ ጭንቅ ሆኖብኛል። እኅቴ ያመጣችው ደረቅ ምግብ አለቀ። ጾም ስለሆነ እናቴ ሥጋ በድስቷ እንዲገባ አትፈልግም። እንጀራ በሽሮ ሰጠኋት፤ አሸተተችና ሄደች። ከሐይቁ ዳር ጥሬ ዓሣ ገዝቼ ስሰጣት ግን በደስታ በላች፤ ይኸው ዐሥር ቀን ሙሉ የምትበላው እርሱን ብቻ ነው።

ሰሞኑን ድዷ ቀልቶ አፏ መሽተት ጀምሯል። ስታኝክ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። አንድ ጎረቤታችን ግማሽ ፓራሲታሞል አድቅቀሽ ስጫት አለኝ፤ ዛሬ ማታ ልሰጣት አስቤ ነበር። ሌሎች ደግሞ «ስሟ ራሱ ሐበሻ ነው፤ የአገሯ ልጅ ናትና ልቀቂያት፣ አይጥ አድና ትኑር» ይሉኛል። በተጨማሪም ነፍሰ ጡር የሆነች የወንድሜ ሚስት በሚቀጥለው ወር እኛ ዘንድ ልትሰነብት ትመጣለች። ምን ላድርግ?

---

የእንስሳት ሐኪም ከዓባይ ማዶ
መጋቢት 8፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ

እኅቴ ወለላ፣ ፓራሲታሞሉን አይስጧት። ግማሽ ክኒን ድመት ይገድላል። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያከሽፍበት መንገድ እጅግ ደካማ ስለሆነ መርዙ ቀይ የደም ሴሎቿን ያበላሻል፤ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ድዷ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ፊቷና እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አስቀድመው ሰጥተዋት ከሆነ ይህን ማንበብ ትተው አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። የቀረውን ማታ በዝርዝር እጽፋለሁ።

---

ወለላ
መጋቢት 8

አልሰጠኋትም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

---

ባለ ታንኳው
መጋቢት 8፣ ከቀትር በኋላ

እኅቴ፣ ስለ ዓሣው አትጨነቂ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከጣና ዓሣ ሳወጣ ኖሬያለሁ። መረብ አንሥተን ስንመለስ ድመቶቹ ከዳር ተሰልፈው ይጠብቁናል፤ ሆድ ዕቃውንም ጭንቅላቱንም ጥሬውን ይበላሉ። ጸጉራቸው ያብረቀርቃል። ድመት ዓሣ በላ ብሎ የሚታመም ከሆነ የእኛ ሰፈር ድመት አንድም ባልተረፈ ነበር። ቀረሶ ስጫት፣ ነጭ ዓሣም ይሆናል፤ አምባዛ ግን ስብ ስለሚበዛው ጥቂት በጥቂት።

---

የታሪክ መምህሩ
መጋቢት 8፣ ማታ

ስሟ ሐበሻ ስለሆነ የአገሯ ልጅ ናት ለሚሉት ጎረቤቶች አንድ ነገር ልናገር፤ ጉዳዩ ለድመቷ ሕይወት ያገባዋልና።

አቢሲኒያን የሚለው ስም የተሰጣት እንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1868፣ በእኛ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም.፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር በቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወርዶ መቅደላ ድረስ ዘለቀ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያ ሕይወታቸውን ሠዉ። ጦሩ ሲመለስ ከመጻሕፍቱ፣ ከታቦታቱና ከዘውዱ ጋር አንዲት ድመትም አብራ እንደተወሰደች፣ ስሟም በወደቡ ዙላ እንደተባለ እ.ኤ.አ. በ1874 እንግሊዝ ውስጥ በታተመ የድመቶች መጽሐፍ ላይ ከነሥዕሏ ተጽፏል። ከዚያ በፊት በ1871 ለንደን ውስጥ በክሪስታል ፓላስ በተደረገ የድመት ትርኢት አንድ የአቢሲኒያ ድመት ሦስተኛ ወጥቷል።

ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዛሬ አቢሲኒያን የሚባለው ዝርያ ከዙላ መወለዱን የሚያሳይ የዘር መዝገብ የለም። ይልቁንም ሆላንድ ውስጥ በላይደን ቤተ መዘክር ከ1830ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተቀመጠ፣ ገላው ተሞልቶ የደረቀ እንዲህ ያለ ድመት አለ፤ ከመቅደላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ይቀድማል፤ መለያው ላይም የትውልድ አገሩ ሕንድ ተብሎ ተጽፏል። በኋላ የተደረጉት የዘረ መል ጥናቶችም የሚጠቁሙት ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። በንግድ መርከብ ወደ አውሮፓ ሄዳ፣ በትርኢት መድረክ ላይ የእኛን ስም ያገኘች ድመት ናት። ዛሬ የምናያትን ቅርጿንም የሰጧት እንግሊዛውያንና አሜሪካውያን አርቢዎች ናቸው።

ስለዚህ ወለላ፣ ወደ አገሯ አልተመለሰችም። ለባሕር ዳር እንግዳ ናት፤ ለጎዳናዋ፣ ለውሻዋም፣ ለበሽታዋም።

---

የዘጌ ቡና
መጋቢት 9

መምህር፣ ያሉትን ለመቀበል ይከብደኛል። የአያቴ ድመት ልክ እንደዚህች ነበረች፤ ቡኒ፣ ቀጭን፣ ጆሮዋ የቆመ። ስማችንን ለሌላ ድመት ሰጥተው የእኛዎቹን ደግሞ «የመንደር ድመት» ሲሏቸው ያንገበግባል።

---

የታሪክ መምህሩ
መጋቢት 9

ወንድሜ፣ ቁጭትዎ ይገባኛል፤ እኔም አለብኝ። ነገር ግን የአያትዎን ድመት የሚያከብራት የውጭ ዝርያ ስም አይደለም። የዓለም የቤት ድመቶች ሁሉ የዘር ግንድ የአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ ዛሬም በአገራችን ዱር ውስጥ ይኖራል። የአያትዎ ድመት ለዚያ ግንድ ከማንኛውም የትርኢት ድመት ብትቀርብ እንጂ አትርቅም። አቢሲኒያን የምትለየው በአንድ የጸጉር ባሕርይ ነው፤ እርሱን የሚያውቅ ሰው ቢጽፍልን መልካም ነው።

---

ስደት መላሽ
መጋቢት 9፣ ማታ

እኔ ልጻፍ። ስዊድን በኖርሁባቸው ዓመታት ሁለት አቢሲኒያን ድመቶች አሳድጌአለሁ፤ አንደኛው በእቅፌ ነው የሞተው።

ወለላ፣ ቀረፋን ፀሐይ ላይ አስቀምጪና ከጀርባዋ ጸጉር ጥቂቱን በጣትሽ ከፈል አድርገሽ ተመልከቺ። እያንዳንዱ ዘለላ ብቻውን ሁለት ቀለም እየተፈራረቀበት ታያለሽ፤ ቀላ፣ ጠቆር፣ ቀላ፣ ጠቆር፤ ጫፉ ላይ ጠቆር ብሎ ያበቃል። የዱር ጥንቸል ጸጉር እንዲህ ነው፤ በዚህ ምክንያት ድሮ «ጥንቸል ድመት» ይሏት የነበሩ አሉ። የሰፈር ድመት ጎኗ ላይ የሚታየው ሽንትር ወይም ነጠብጣብ ይህችኛዋ ላይ አይታይም፤ ግንባሯ ላይ ካለው ምልክት በቀር ገላዋ አንድ ወጥ ይመስላል። ተመራማሪዎች ይህን የሚያደርገውን ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ2021 ለይተውታል። የታወቁት ቀለሞቿ አራት ናቸው፤ ሩዲ የሚባለው ደማቅ ቡናማ፣ ሶረል የሚባለው መዳብ የሚመስል ቀይ፣ ሰማያዊ የሚሉት ግራጫ፣ እንዲሁም ፋውን የሚባለው ፈዘዝ ያለ ቡናማ። ያንቺዋ እንደገለጽሻት ሶረል ትመስላለች።

ዓይኗን ደግሞ ተመልከቺ፤ ኩል የተኳለች ነው የምትመስለው። ስትቆም በጣቶቿ ጫፍ የቆመች ያህል ናት። ክብደቷ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ነው፤ ከዚያ ካለፈች ወፍራለች ማለት ነው።

አሁን ወደ ጠባይዋ ልምጣ። ሲኒ የምትሰብረው ተንኮለኛ ሆና አይደለም። ይህ ዝርያ ሥራ ይፈልጋል። ጭን ላይ ተኝቶ የሚውል ድመት የሚፈልግ ሰው አቢሲኒያን አይያዝ። የምትሠሪውን ሁሉ ከትከሻሽ በላይ ሆና ማየት ትፈልጋለች። እኔ መጀመሪያ እቆጣ ነበር፤ አይሠራም። በኋላ ግድግዳው ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚያደርስ መደርደሪያ እንደ ደረጃ አድርጌ መታሁላቸው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ጠረጴዛዬን ረሱት። ባሕር ዳር አናጺ አይጠፋም፤ የባሕር ዛፍ አጣናና ጥቂት ጣውላ ይበቃል። ስፋቱ አንድ ክንድ ያህል ይሁን፣ አይነቃነቅ፣ ላዩ ላይ ማዳበሪያ ከረጢት ወይም አሮጌ ጋቢ ይቸንከር። አንዱ መደርደሪያ ረከቦቱ ከሚቀመጥበት በላይ ይሁን፤ ቡናውን ከዚያ ሆና ታየዋለች።

ጧት ከመውጣትሽ በፊት ሩብ ሰዓት፣ ማታ ስትመለሽ ሩብ ሰዓት አጫውቻት። በዱላ ጫፍ ላይ ክር አስረሽ በክሩ ጫፍ የዶሮ ላባ፤ እየሮጠች ትያዘው፣ መጨረሻ ላይ ግን በእርግጥ ትያዘው፤ ሳትይዘው ከቀረ ትናደዳለች። ከጨዋታው በኋላ ወዲያው ምግቧን ስጫት። ክሩን ሜዳ ላይ ጥለሽ አትሂጂ፤ ከዋጠችው አንጀቷን ይቆርጠዋል።

ብቸኝነትም ይጎዳታል። ቀኑን ሙሉ ቤቱ ባዶ ከሆነ ሁለተኛ ድመት ማሰብ አለብሽ። እናትሽ ቤት ከዋሉ ግን እርሳቸው ይበቋታል፤ እመኚኝ፣ በስድስት ወር ውስጥ ማንን እንደምትከተል ታያለሽ።

---

የእንስሳት ሐኪም ከዓባይ ማዶ
መጋቢት 9፣ ሌሊት

ስለ ዘገየሁ ይቅርታ። ወደ ገጠር ለከብት ሕክምና ወጥቼ ነበር። የእኛ ሙያ በአካባቢው አብዛኛው ጊዜ የሚውለው በበሬና በላም ላይ ነው። ቢሆንም ጎንደር ስማር ስለ ድመትም ተምሬአለሁ፤ ባሕር ዳርም ድመት የሚያዩ ባልደረቦች አሉኝ።

ከድዷ ልጀምር። አቢሲኒያን ለድድ ብግነት ከሚጋለጡ ዝርያዎች አንዷ ናት። የቀላ ድድ፣ የአፍ ሽታና በአንድ ጎን ማኘክ ካለ ጥርሷ ታይቶ መጽዳት፣ የበሰበሰም ካለ መነቀል አለበት፤ ይህም በማደንዘዣ የሚሠራ ነው። ከዚያ በኋላ ጣትዎ ላይ ንጹሕ ጋዝ ጠቅልለው በውኃ እያራሱ ጥርሷን በየቀኑ ይጥረጉ። የሰው የጥርስ ሳሙና ለድመት አይሆንም።

ሐኪሟ ዘንድ ሲሄዱ የዘር ሐረግ ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዚህ ዝርያ ቁጥር እንግሊዝ ውስጥ እጅግ ተመናምኖ ስለነበር ዝርያው የተባዛው ከጥቂት ድመቶች ነው፤ በዚህ ምክንያት የሚወረሱ በሽታዎች አሉበት። አንዱ የዓይን ሬቲናን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ ነው፤ መጀመሪያ በጨለማ ማየት ታቆማለች፣ ከዚያ ጨርሳ ትታወራለች። ሌላው ቀይ የደም ሴሎችን ዕድሜ የሚያሳጥርና ደም ማነስ የሚያመጣ የኢንዛይም ጉድለት ነው። ሁለቱም ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና በዘረ መል ምርመራ ይታወቃሉ፤ እኅትዎ ሻጩን ይጠይቁ፣ ጥሩ አርቢ የወላጆቿን ውጤት ይይዛል። ሦስተኛው በኩላሊት ውስጥ አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን መከማቸት ነው። ውኃ አብዝታ መጠጣት፣ ሽንቷ መብዛት፣ መክሳት ካዩ አይዘግዩ። ስለ ስሟም አንድ ነገር ልጨምር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ከድመቶች ሁሉ ቀድማ ዘረ መሏ የተነበበው አቢሲኒያን ድመት ሲናመን ትባላለች። በአማርኛ ቀረፋ ማለት ነው።

ምግብ። ድመት ሥጋ በል ናት፤ በሽሮና በእንጀራ አትኖርም። ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚገኘው ከእንስሳ ሥጋ ነው፤ ከጎደላት ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል። የልቡ ነገር በታውሪን እጥረት የሚመጣ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ለድመት ተብሎ የተዘጋጀ የታሸገ ምግብ ማግኘት ከቻሉ መሠረቱ እርሱ ይሁን። ካጡ ግን የተቀቀለ ዶሮ፣ የበሬ ልብ፣ እንቁላል፣ የበሰለ ዓሣ እያፈራረቁ ይስጧት። ጉበት በሳምንት አንዴ ጥቂት፤ ከበዛ ቫይታሚን ኤ አጥንቷን ይጎዳል። ብዙዎቹ ያደጉ ድመቶች ወተት ስለማይስማማቸው ያስቀምጣቸዋል፤ ውኃ ይበቃታል።

ከወጥ ላይ ግን ምንም አይስጧት። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ቢበስልም እንኳ፣ የድመትን ደም ያፈርሳል፤ ወጣችን ደግሞ መነሻው ሽንኩርት ነው።

ጋሼ ባለ ታንኳው፣ በአክብሮት በአንድ ነገር ልለይዎ። እርስዎ የሚያዩዋቸው የዳር ድመቶች ዓሣ ብቻ አይደለም የሚበሉት፤ አይጥ፣ ወፍ፣ እንሽላሊት ያድናሉ። ነጭ ዓሣ ካርፕ ከሚባለው ዓሣ ወገን ነው። በዚህ ወገን ብዙ ዓሦች ጥሬ ሥጋና ሆድ ዕቃ ውስጥ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለ። ድመት ለሳምንታት ጥሬውን እርሱን ብቻ ከበላች ነርቮቿ ይጎዳሉ፤ ምግብ ትተዋለች፣ ትንገዳገዳለች፣ አንገቷ ወደ ደረቷ ይታጠፋል፣ በመጨረሻም ያንቀጠቅጣታል። ሲበስል ኢንዛይሙ ይጠፋል፤ ዓሣው ውስጥ ሊኖር የሚችል የትል እጭም ይሞታል። ስለዚህ ወለላ፣ ዓሣውን አይከልክሏት፤ ቀቅለው፣ እሾኹን ለቅመው ይስጧት።

ነፍሰ ጡሯ። ድመቷን ማባረር አያስፈልግም። የሚፈራው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ ነው። ከድመት ዓይነ ምድር ጋር ቢወጣ እንኳ ለመያዝ የሚበቃው ከ1 እስከ 5 ቀን ካደረ በኋላ ነው። መጸዳጃ ሣጥኗ በየቀኑ ይጽዳ፤ የሚያጸዱት እርስዎ ይሁኑ፣ የወንድምዎ ሚስት አይንኩት። ለእርሳቸው ያልበሰለ ሥጋና በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ ከቀረፋ የሚያንስ አደጋ አይደለም፤ ከክትፎና ከጥሬ ሥጋ ይታቀቡ። ለሣጥኑ የአናጺ ሰጋቱራ ጥሩ ነው፤ ከሐይቁ ዳር የሚመጣ አሸዋ ግን ሌሎች እንስሳት ስለሚጸዳዱበት አይሁን።

ወደ ውጭ መልቀቅን አልመክርም። የእብድ ውሻ በሽታ በአካባቢያችን አለ፤ ክትባቷ ጊዜው ሳያልፍ በየዓመቱ ይታደስ። የነከሳት ወይም የቧጠጣት እንስሳ ካለ ወደ እኛ ያምጧት፤ ሰው ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። አይጥ እንድታድን የሚመክሩዎት ሰዎች ቤታቸው የአይጥ መርዝ ይረጩ እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት አብራ ትሞታለች። ለውሻ የተሠራ የመዥገርና የቁንጫ መድኃኒትም አያስነኳት፤ ፐርሜትሪን ያለበት ከሆነ ይገድላታል።

---

ወለላ
መጋቢት 10

እያንዳንዷን መስመር በደብተር ጻፍሁ። ዛሬ ጧት ቀረሶ ቀቅዬ ሰጠኋት፤ ጥቂት ተኮሳተረችና በላች። የጸጉሯንም ነገር ፀሐይ ላይ አየሁት፤ ቀለሙ በእያንዳንዱ ዘለላ ላይ ተሰልፎ ሳየው እናቴን ጠራኋትና አብረን ስናይ ቆየን።

አንድ ችግር ግን ቀረ። ዶሮና ልብ መቀቀሉ ላይ እናቴ አልተስማማችም። «በነነዌ እንስሳቱም ጾመዋል» ትለኛለች። እናቴን ማሳዘን አልፈልግም፤ ድመቷም እንድትጎዳ አልፈልግም።

---

እማማ ከሐይቁ ማዶ
መጋቢት 11

ልጄ ወለላ፣ እኔ አሮጊት ነኝ፤ የምናገረውን የልጅ ልጄ ነች የምትጽፈው። ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺ። በነነዌ እንስሳት መጾማቸው እውነት ነው። ያ ግን ሦስት ቀን ነበር፤ የዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ነው። ጾም የሚያውቅ፣ የሚበድልና ንስሐ የሚገባ የሰው ልጅ ነው። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ሲባል አልሰማሽም? እንድትረሳም አልተፈጠረችም።

እኔ ቤት እንዲህ አደርግ ነበር። ለድመቴ የራሷ ትንሽ ድስት፣ የራሷ ማንኪያ፣ የራሷ ቢላዋ ነበራት። ከቤት ውጭ፣ ከጓሮ፣ በከሰል ላይ ይቀቀልላታል። የጾሙ ድስት አይነካካም፤ እናትሽም ሆዷ አይረበሽም። ለቤታችሁ ያመጣሻት ነፍስ ናትና መራብ የለባትም።

---

ባለ ታንኳው
መጋቢት 11፣ ማታ

ዶክተር፣ የጻፉትን ካነበብሁ ሁለት ቀን ሆነኝ፤ ከዓይኔ አልጠፋ ስላለኝ መጻፍ አለብኝ።

የዛሬ አራት ዓመት ግራጫ ድመት ነበረችኝ። ቀኝ እግሯ በልጅነቷ ተሰብሮ ስለነበር ማደን አትችልም። ስለዚህ እኔ ነበርሁ የምመግባት። የምሰጣትም ሳይሸጥ የሚተርፈውን፣ እሾኹ የበዛውን ነጭ ዓሣ ነበር፤ ጥሬውን፣ በየቀኑ። ሌላ ምንም አትቀምስም ነበር። ክረምት ላይ መብላት ተወች። ከዚያ ስትራመድ እንደ ሰከረ ሰው መወላገድ ጀመረች። አንገቷ ወደ ታች ታጠፈ፤ አገጯ ደረቷን ነክቶ ቀና ማለት አቃታት። ሰው ሁሉ መርዝ በልታ ነው አለ። ጠበል ረጨንባት። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

እርስዎ አንገቷ ወደ ደረቷ ይታጠፋል ብለው ሲጽፉ እጄ ደነዘዘ። እኔ ነኝ ማለት ነው?

---

የእንስሳት ሐኪም ከዓባይ ማዶ
መጋቢት 11፣ ሌሊት

ጋሼ፣ ያላየኋትን ድመት በእርግጠኝነት ይህ ነበር ማለት አልችልም። የገለጹት ግን የቢ1 እጥረትን በእጅጉ ይመስላል። በጊዜ ከተደረሰ በመርፌ ቫይታሚኑን ሰጥተን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቀና ስትል እናያለን፤ ስለዚህ ወደፊት እንዲህ ያለ ድመት ካዩ ፈጥነው ይደውሉልን።

እርስዎ ግን አካለ ስንኩሏን ድመት ከእጅዎ አብልተው አኖሩ። ያለዎትን ነው የሰጧት። የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ የነገረዎት ሰው አልነበረም፤ መንገር የነበረብን እኛ ባለሙያዎቹ ነን።

---

አዲስ ገቢ
መጋቢት 13

ሰላም ወለላ። እኔ ዘንድ በጣም የሚያምር ቡኒ ወንድ ድመት አለ። ከቀረፋ ጋር ብናገናኛቸው የአቢሲኒያ ግልገሎች እናገኛለን፤ በጥሩ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ትርፉን እኩል እንካፈል።

---

ስደት መላሽ
መጋቢት 13

ወንድሜ፣ የሚወለዱት አቢሲኒያን አይሆኑም። አባትየው ካልተመዘገበ ወረቀት አይኖራቸውም፤ ጸጉራቸው የእናታቸውን ቢመስል እንኳ ድቅል ናቸው። ያንን አቢሲኒያን ብሎ መሸጥ ገዢውን ማታለል ነው። እባክህ ተወው።

---

የእንስሳት ሐኪም ከዓባይ ማዶ
መጋቢት 13

እኔም እጨምራለሁ። ድመት ወንድ የምትፈልገው በቀኑ ብርሃን ርዝመት ነው። አውሮፓ ቀኑ በሚያጥርበት በብርዱ ወራት ታርፋለች። ባሕር ዳር ግን የቀንና የሌሊት ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለያይ በየጥቂት ሳምንቱ ትፈልጋለች፤ ካልተጠነቀቁ ከ65 ቀን ገደማ እርግዝና በኋላ ግልገሎች ይኖራሉ፤ ከዚያም እንደገና። ወለላ፣ ጥርሷ በማደንዘዣ ሲታይ በዚያው ማምከን ይቻል እንደሆነ ሐኪሟን ይጠይቁ። እርስዎም አዲስ ገቢ፣ ወንዱን ያኮላሹት፤ ከቤት መራቅና መቧጨቅ ይቀንስለታል፣ ዕድሜውም ይረዝማል።

---

አዲስ ገቢ
መጋቢት 14

እሺ፣ ገብቶኛል። ስልክዎን በግል ይላኩልኝ፤ ለእርሱ ቀጠሮ ልያዝ።

---

ወለላ
ግንቦት 4

ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመልሻለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር እንጂ አልረሳኋችሁም።

የቀረፋ ሁለት ጥርሶች ተነቀሉ፤ በዚያው ቀን አመከኗት። ለሁለት ቀን አኩርፋኝ ከአልጋ ሥር ተደበቀች፤ በሦስተኛው ቀን ወጥታ ትከሻዬ ላይ ተኛች። አሁን በሁለቱም ጎን ታኝካለች፤ የአፏ ሽታ ጠፍቷል። ጋዙን ስጠቀልል ካየች መሸሽ ትጀምራለች፤ ግን ታስደርጋለች። እኅቴ ሻጩን አግኝታ የወላጆቿን የምርመራ ውጤት አስላከች፤ ከሁለቱም በሽታዎች ነጻ ናቸው። ኩላሊቷን በየዓመቱ እንድናስመረምር ተነግሮናል።

አናጺው ስድስት መደርደሪያ መታልን። እናቴ መጀመሪያ ግድግዳው ተበላሸ ብላ አዝና ነበር። አሁን ቡና ስታፈላ ቀና ብላ «ወጣሽ?» ትላታለች፤ ቀረፋም ከላይ ሆና ጭራዋን ታወዛውዛለች። ከመጋቢት ወዲህ አንድም ሲኒ አልተሰበረም። በጾሙ ጊዜ የእማማን ምክር ተከትለን ትንሽ ድስት ገዛን፤ ጓሮ በከሰል የምትቀቅልላት እናቴ ራሷ ነበረች፤ ጾሙ ካለፈም በኋላ ድስቷ ከጓሮ አልገባችም። የወንድሜ ሚስትም መጥታ ሦስት ሳምንት ተቀምጣ በደህና ተመለሰች፤ ሣጥኑን አንድ ቀን እንኳ አላስነካኋትም።

ወደ ውጭ የምትወጣው በደረት ማሰሪያ፣ በእቅፌ ሆና ነው። ባለፈው እሑድ ሐይቁ ዳር ወሰድኋት። ፔሊካኖቹን ስታይ መላ ገላዋ ቀጥ አለ፤ ጥርሷን እያንቀጫቀጨች ቆየች፤ ወደ ውኃው ግን አልተጠጋችም።

ጋሼ ባለ ታንኳው፣ በዚያው ቀን ታንኳዎች ሲመለሱ ከሩቅ አየሁ፤ የትኛው እርስዎ እንደሆኑ ስላላወቅሁ ሰላም ሳልልዎ ተመለስሁ። ቅዳሜ ጧት እመጣለሁ። ቀረሶ ይኖርዎታል?

---

ባለ ታንኳው
ግንቦት 4፣ ማታ

ይኖራል። በስተ ግራ ካለው ትልቁ ዋርካ ሥር ጠይቂኝ። ሦስት አስቀምጣለሁ፤ ሁለቱ ለእናትሽ፣ ትንሿ ለቀረፋ። እሾኹን ለቅሜ፣ ቀቅዬ እጠብቅሻለሁ።